ያዘመመውን ማዘመን

ቁልፉን ተጫንኩት፤ አቃሰተና ዝም፤
ደግሜ ስጫነው ብልጭ አለ፣ ግን አልተነሣም።
ውሃዬን ጣድኩና መጣሁ፣ ክቡ ይዞራል፤
ሻዬን ቀዳሁና መጣሁ፣ ክቡ ይዞራል።
ከማዶ ሕንጻ ላይ፣ ከአራተኛው በረንዳ፣
ካፖርት ደርባ የምታጨስ አለች፣ የማላውቃት እንግዳ፤
ቁራጩን በአበባ ማሰሮ ስትቀብር ዐይቼ
ስመለስ ነው የሚከፈት፣ ሻዬን አጋምሼ ጠጥቼ።

ላይፕዚግ ነው፣ ኅዳር ነው፤ በአሥር ሰዓት ይጨልማል፤
ትራም ከሥር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዬ ይንቀጠቀጣል፤
ኮምፒውተሩም ያጓራል፣ ዘይት እንደጠማው ወፍጮ ቤት፤
ከእግሬ ሥር ከተጎለተ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት።

በሆዱ ዕድር አለ፤ የአሥራ አራት ቤት መዝገብ፦
ማን በወሩ እንደከፈለ፣ ማን እንዳበዛ ሰበብ፣
ሬሳ ላገር ለመሸኘት ከሣጥኑ ስንት እንደወጣ፣
የአቶ ሽመክት ሚስት የመለሰችው አርባ ዩሮ ከየት እንደመጣ።
ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም እኔው ነኝ።
የቀባሪዎች መዝገብ እሱ ራሱ የሞተ ዕለት
በየትኛው ዝርዝር፣ ለማን ለማን ይነገር መርዶው በየቤት?
«ከዕድሩ ሣጥን ውሰጂ» አሉኝ። አልነካም።
የሬሳ ገንዘብ ነው፤ ገና ለሚያቃስት አይሆንም።

ያለኝ መቶ አርባ ነበር፤ የማሞቂያው ሒሳብ መጣ፤
ስልሳ ሁለቱን ይዞ በደረጃው ወረደና ወጣ።
በባቡር ጣቢያው መደብር አንድ አዲስ መስታወት ውስጥ ቆሟል፣
ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ጥቁር ለብሷል፤
አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ።
«በየወሩ ይከፍላሉ» አለኝ ሻጩ በትሕትና።
ዕዳን ግን አውቀዋለሁ፤ ላንድ ሌሊት ብሎ ገብቶ
አልጋዬን የወሰደ ነው፣ ቁልፌን ኪሱ ከቶ።

ከምድር ቤት ሄር ዊንክለር መጡ፣ ሬዲዮ ሲጠግኑ ያረጁ፣
ብሎን መፍቻ በደረት ኪስ፣ እንደ እስክሪብቶ ያዘጋጁ።
«ፍራው ትሶይድነሽ» ይሉኛል፤ ዘውድነሽን ላስለምዳቸው
ዘጠኝ ዓመት ታገልኩና፣ በአሥረኛው ተውኳቸው።
አራት ብሎን ፈትተው ጎኑን ሲገልጡት
የበግ ለምድ የሚያህል አቧራ ጎትተው አወጡት፤
አስነጠሳቸው፤ ሳቁ፤ ከዚያ በጣታቸው ጠቆሙኝ፦
ራሙ ከተሰካበት ጎን
ሁለት ባዶ ጎጆ።

ባዶ። ከተገዛ ጀምሮ።
ጠበበኝ ብዬ ስረግመው የኖርኩት ቤት
ሁለት ክፍል ይተርፈው ነበር፣ ማንም ያልገባበት።

«አዲሱ ሥርዓት ግን» አሉ፣ «ይህን አንጎል አይቀበልም፤
የተሠራበት ዓመት አልፏል፤ ቢችልም አይፈቀድለትም።»
ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ፤ መስኮት ቁጥር ስድስት ሰምቼዋለሁ፤
አንድ ማኅተም ጎደለ ተብዬ ዲፕሎማዬን ታቅፌ ወጥቻለሁ።
«ሊኑክስ የሚባል አለ፤ ነጻ ነው፤ ዕድሜ አይጠይቅም።»
«ይለያል ወይ» አልኳቸው፣ «የጸሎቱን ጸ ከፀሐይዋ ፀ?»
አልገባቸውም። ቢሆንም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በእርግጠኝነት።

ቅዳሜ አይዘንባንሽትራሰ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሞላበት ጓሮ፦
ሁለት ራም በአሥራ ስምንት፣
አንድ ኤስኤስዲ ሠላሳ ሦስት ዩሮ።
ከቀረኝ ሃያ ሰባት ላይ ለሄር ዊንክለር የፕለም ኬክ ገዛሁ።

አዘመንኩት ልበል እንግዲህ? ወይስ ለዚህ ክረምት
ያዘመመ ጎጆዬን ባላ አስደገፍኩት?
ምናልባት ሁለት ዓመት።
ምናልባት እስከ ፋሲካ።

ማታ ቁልፉን ተጫንኩት።
ውሃዬን ልጥድ ዞር ስል፣ «የይለፍ ቃል» አለኝ።
ማንቆርቆሪያው ገና ባዶ፣ ከእጄ ላይ።
ከማዶ ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ክብሪቷን ስትጭር፣
ነፋሱ ሲያጠፋባት፣ ደጋግማ ስትሞክር።
«ቆይ» አልኩት፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ።
«አሁን ደግሞ አንተ ጠብቅ።»